የቀይ ባሕር አገሮች ትብብር ለኮምቦልቻ ምኗ ነው?

ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ በር ላይ ወረፋ የያዘ ተሳቢ ስታዩ፣ ከኋላ በኮንቴይነሩ መቆለፊያ ላይ ያለችውን ትንሽ ብረት ልብ በሉልኝ። «ሲል» (ማሸጊያ) ይሏታል፤ ቁጥር አላት። ኮንቴይነሩ ሲታሸግ ከተገጠመች ጀምሮ ባሕሩን ተሻግራ፣ ጅቡቲ ወደብ ወርዳ፣ ጋላፊን፣ ሎጊያን፣ ሚሌን፣ ባቲን አልፋ እስከዚህ ሳትቆረጥ መምጣት አለባት። የጉምሩክ ሠራተኛው ቁጥሯን ከሰነዱ ጋር ያመሳክራል፤ ካልገጠመ ዕቃው አይራገፍም። ያቺ ብረት በሰላም የምትደርሰው ጅቡቲና ኢትዮጵያ «በመሬቴ የሚያልፈውን ዕቃህን እንደ ራሴ ገቢ ዕቃ አልቀርጠውም» ተባብለው ስለተዋዋሉ ነው።

ስለ ባሕር በር ደሴም ኮምቦልቻም ብዙ ይወራል። ወሬው ግን አብዛኛውን ጊዜ «የማን ነው? የማን ነበር?» ላይ ይቆማል። ትልልቆቹ አሰብን ያስታውሳሉ። በባቲ፣ በሚሌ፣ በቡሬ አድርጎ አሰብ የሚወርደው መንገድ ለኮምቦልቻ የገቢዋም የወጪዋም መንገድ ነበር። ግንቦት 1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር ተዘጋ፤ መኪናው ሁሉ ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ። ቁጭቱ ይገባኛል፤ እኔም ውስጥ አለ። ይሁንና በዚህ ጽሑፍ ማብራራት የምፈልገው ብዙም የማይነሳውን ጥያቄ ነው፦ አንድ ባሕር የሚጋሩ ጎረቤቶች አብረው እንዴት ይሠራሉ? የተሳካላቸው አሉ? ቀይ ባሕር ላይ ለምን ከበደ? ከባሕሩ የራቅነውስ በየት በኩል እንገባለን? (ዓ.ም. ያላልኩበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ከካርታው እንጀምር። ቀይ ባሕር ከስዊዝ እስከ ባብ ኤል መንደብ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ሰፋ ባለበት ቦታ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ታችኛው በር፣ ባብ ኤል መንደብ ላይ፣ የመንና ጅቡቲ የሚራራቁት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር እዚህ ጋ አለ፦ አሰብ ከዚህ በር ወደ ውስጥ ነው፤ የጅቡቲ ወደብ ግን ከበሩ ውጪ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ነው። ስለዚህ ከቻይናና ከሕንድ የሚመጣ ጨርቅና ማሽን ባብ ኤል መንደብን ሳያልፍ ጅቡቲ ይደርሳል። ከቱርክ የሚመጣ ብረትና ከሞሮኮ የሚመጣ ማዳበሪያ ደግሞ በስዊዝ ገብቶ፣ ቀይ ባሕርን ከላይ እስከ ታች ወርዶ፣ በበሩ ወጥቶ ነው የሚደርሰው።

ኅዳር 2023 ሁቲ የሚባሉት የየመን ታጣቂዎች መርከቦችን ማጥቃት ሲጀምሩ ይህ ልዩነት ያድነናል ተብሎ ሊታሰብ ይችል ነበር፤ የእስያው ዕቃ በሩን አያልፍማ። አላዳነንም። እስያን ከአውሮፓ የሚያገናኙ ብዙ መርከቦች ጅቡቲ ጎራ የሚሉት ወደ ስዊዝ ሲያልፉ ነበር። ትልልቆቹ የመርከብ ድርጅቶች በደቡብ አፍሪካ በኩል መዞር ሲመርጡ ጅቡቲ ከመንገዳቸው ወጣች። የጦርነት ስጋት ኢንሹራንስ ሲጨምርም ቀይ ባሕርን ብቻ ነጥሎ አልጨመረም፤ የኤደን ባሕረ ሰላጤንም ያዘ። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ሰፍቶ ወደ ውጭ የሚልክ ፋብሪካ ጨርቁ ሲገባም ልብሱ ሲወጣም የዚህ ባሕር ዋጋ ያገኘዋል። ተኩሱ ከየመን ነው፤ ሒሳቡ እኛ ዘንድ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ድረስ መጣ። ባሕሩ ላይ አንዱ ጎረቤት የሚያደርገው ሌላውን ሁሉ የሚነካ ከሆነ የጋራ ደንብ ያስፈልጋል። ጭንቁ ደንቡን ማን ያወጣል፣ ማንስ ያስፈጽመዋል የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ደረጃዎችን መለየት ይጠቅማል። ዝቅተኛው መነጋገር ነው። ሚኒስትሮች ይሰበሰባሉ፣ መግለጫ ያወጣሉ፣ ይበተናሉ። ከፍ ሲል የአንድ ሥራ ውል አለ፦ መርከብ ሲሰምጥ ማን ይደርሳል፣ ዘይት ሲፈስ ማን ያጸዳል፣ የባሕር ወንበዴ ሲያዝ የት ይዳኛል። ሥራው ተለይቶ የታወቀ፣ ባለሙያው የተሰየመ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ውህደት ነው፤ አገሮቹ ከሥልጣናቸው ቆርሰው ለጋራ ተቋም ይሰጣሉ፣ ተቋሙ የወሰነውን ባይወዱትም ይፈጽማሉ። መድረክ ላይ የሚቆም ባለሥልጣን ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ ይጠራቸዋል። ሕዝቡ መግለጫውን ውህደት መስሎት ይሰማል፤ ነገሩ ሲቀር ደግሞ ተታለልኩ ይላል።

ሦስቱም ደረጃዎች ተደራርበው የሚታዩበት ባሕር ባልቲክ ነው፤ ሰሜን አውሮፓ ውስጥ። 1974 ላይ ሰባት አገሮች ሄልሲንኪ ተሰብስበው ባሕሩን ከብክለት ለመጠበቅ ተፈራረሙ። ጊዜው ቀዝቃዛው ጦርነት ነው። ፈራሚዎቹ ሶቪየት ኅብረት፣ ፖላንድ፣ ምሥራቅ ጀርመን፣ ምዕራብ ጀርመን፣ ዴንማርክ፣ ስዊድንና ፊንላንድ ነበሩ። ሚሳኤል ያነጣጠሩ ሁለት ጎራዎች፣ በመካከላቸው ለሁለት የተከፈለች ጀርመን፤ ያም ሆኖ አንድ ሰነድ ላይ ፈረሙ። ስለ ድንበር አልተከራከሩም። የተስማሙት ስለ ከተማ ፍሳሽ፣ ስለ ፋብሪካ ቆሻሻ፣ ከመርከብ ስለሚፈስ ዘይት ነበር። ስምምነቱ 1980 ሥራ ላይ ዋለ፤ ባለሙያዎቹ በየዓመቱ እየተገናኙ፣ ውሃውን በአንድ ዓይነት ዘዴ እየለኩ ቀጠሉ።

ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰ በኋላ፣ 1992 ላይ፣ የባልቲክ ባሕር አገሮች ምክር ቤት ኮፐንሃገን ላይ ተመሠረተ። ከአባላቱ መካከል ኖርዌይ አለች። 1995 ላይ አይስላንድ ገባች። ሁለቱም የባልቲክ ጠረፍ የላቸውም። የሄልሲንኪውን ስምምነት የሚያስፈጽመው ኮሚሽን ደግሞ ቤላሩስንና ዩክሬንን በታዛቢነት ያስቀምጣል፤ እነሱም ባልቲክን አይነኩም፣ ወንዞቻቸው ግን ወደ ባሕሩ ይፈሳሉ። መስፈርቱ ጠረፍ ያለው ሁሉ፣ ሌላው አይግባ የሚል አልነበረም። በባሕሩ የሚጎዳና ባሕሩን ሊጎዳ የሚችል አገር ቦታ አገኘ። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ እኛ ባሕር ስንመጣ ዋናው እሱ ነው።

ውህደቱስ? እሱ የመጣው በሌላ ቤት፣ በአውሮፓ ኅብረት በኩል ነው። ፖላንድ፣ ኢስቶኒያ፣ ላትቪያና ሊቱዌኒያ 2004 ላይ ኅብረቱን ተቀላቀሉ። በባሕሩ ምክር ቤት የተባለው ማንንም አያስገድድም፤ በኅብረቱ ውስጥ ግን ብራሰልስ ላይ የወጣ ሕግ የኢስቶኒያ ዋና ከተማ ታሊን ላይ ይሠራል፣ የኅብረቱ ፍርድ ቤት መንግሥትን ከስሶ ለቆመ ዜጋ ጭምር የሚጠቅም ፍርድ ይሰጣል። እንዲያም ሆኖ ሁሉም እኩል አልገባም። ፊንላንድና ሦስቱ ትንንሾቹ አገሮች በዩሮ ይገበያያሉ፤ ዴንማርክ፣ ስዊድንና ፖላንድ የራሳቸውን ገንዘብ ይዘዋል። ደግሞ ገነት አይደለም። ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች ማግሥት፣ መጋቢት 2022፣ ከምክር ቤቱ ታገደች፤ ግንቦት ላይ ራሷ ወጣች። የሠላሳ ዓመት ልማድ በጥቂት ወራት ተሰነጠቀ።

አሁን ወደ ቀይ ባሕር። የመጀመሪያው ችግር ጥበቱ ነው። በተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ መሠረት ጠረፍ ያለው አገር ከዳርቻው እስከ 12 የባሕር ማይል፣ ማለትም 22 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እንደ ግዛቱ ይይዛል። እስከ 200 የባሕር ማይል፣ 370 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ደግሞ ዓሣውንና ከሥር ያለውን ሀብት የመጠቀም ልዩ መብት አለው። ቀይ ባሕር በሰፊው ቦታ እንኳ 350 ነው ብለናል። ስለዚህ የሁሉም ይገባኛል በሌላው ላይ ይደረባል፤ ማንም የማይጠይቀው ውሃ መሐል ላይ አይተርፍም። በእንዲህ ዓይነት ባሕር ያለ ስምምነት ዓሣ ማጥመድም ዘይት መፈለግም የግጭት መነሻ ነው።

ግጭቱም መጥቷል። ታኅሣሥ 1995 ኤርትራና የመን በሐኒሽ ደሴቶች ተታኮሱ። ውሃ የሌላቸው፣ ሰው በቋሚነት የማይኖርባቸው ድንጋያማ ደሴቶች ናቸው፤ ግን ከባብ ኤል መንደብ ብዙ ሳይርቁ የመርከብ መንገዱ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለቱ አገሮች ጉዳዩን ለግልግል ዳኞች ሰጡ። ዳኞቹ 1998 ላይ ስለ ደሴቶቹ ባለቤትነት፣ 1999 ላይ ስለ ባሕሩ ወሰን ወሰኑ። ዋነኞቹ ደሴቶች፣ ሐኒሽና ዙቀር፣ ለየመን ሆኑ፤ ወደ ኤርትራ ጠረፍ የቀረቡት ትንንሾቹ ለኤርትራ።

እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ዳኞቹ ለየመን ሰጥተው አልተነሱም። የሁለቱ ዳርቻ ዓሣ አጥማጆች ከመንግሥታቱ በፊት እዚያ ነበሩ አሉ። በጀልባቸው እየመጡ ያጠምዳሉ፣ ደሴቶቹ ላይ ያርፋሉ፣ ዓሣቸውን ያደርቃሉ፣ በማዶኛው ወደብ ይሸጣሉ። ይህ ልማድ ባለቤትነቱ ለማንም ይሁን ለማን ይቀጥላል ብለው በውሳኔያቸው ውስጥ ጻፉት። ከምጽዋና ከአሰብ የሚነሳ የኤርትራ አጥማጅ በየመን ደሴት ዙሪያ የማጥመድ፣ ሆዴይዳ ገብቶ የመሸጥ መብት አለው፤ የየመኑም እንዲሁ ወደ ኤርትራ። ባለቤትነት ለአንዱ፣ መጠቀም ለሁለቱ። እኛ ወሎዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የባቲ ሰኞ ገበያ የቆመው እንዲሁ ነው፦ አፋሩ ግመሉንና አሞሌውን፣ የደጋው ሰው እህሉን ይዞ ይገናኛል፣ ጠብ ሲነሳ ሽማግሌ ይገባል፣ ማንም ግን ለገበያው ሲል መሬቱን ለሌላው አላስረከበም።

የሐኒሹ ውሳኔ በወረቀት ላይ እንዳማረው በባሕሩ ላይ ሁልጊዜ አልተከበረም፤ አጥማጆች ይያዛሉ፣ ጀልባ ይወረሳል። ዳኛው ውሳኔውን ሰጥቶ ሄደ። በየቀኑ የሚከታተለው የጋራ ተቋም አልተተከለም። የቀይ ባሕር በሽታ ይህ ነው እላለሁ፤ ደንብ ሳይሆን ደንቡን በየቀኑ የሚጠብቅ ቤት ነው የጠፋው።

ጅምሮች የሉም ማለቴ አይደለም። 1982 ላይ ጅዳ የተፈረመ የባሕር አካባቢ ጥበቃ ስምምነት አለ፤ ከእሱ የተወለደው ድርጅት ስለ ኮራል ድንጋይና ስለ ዘይት ፍሰት ይሠራል። ጥር 2009 ላይ ደግሞ የባሕር ወንበዴነትን ለመከላከል የጅቡቲ ሥነ ምግባር ደንብ የሚባለው ተፈረመ። ከመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች መካከል ኢትዮጵያ ነበረች። ጠረፍ የላትም፤ ግን መርከብ አላት፣ ዕቃዋ በዚያ ያልፋል፣ ወንበዴው ያገኛታል። ሥራው ተለይቶ የታወቀ ስለነበር ጠረፍ አለሽ ወይ ብሎ የመለሳት አልነበረም።

ከ11 ዓመት በኋላ ግን በሩ ጠበበ። ጥር 2020 ሪያድ ላይ የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የዓረብና የአፍሪካ አገሮች ምክር ቤት ተመሠረተ። ስምንት አባላት አሉት፦ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ግብፅ፣ ዮርዳኖስ፣ ሱዳን፣ የመን፣ ጅቡቲ፣ ሶማሊያና ኤርትራ። ኢትዮጵያ አልተጠራችም። ከ90 በመቶ በላይ የውጭ ንግዷ በጅቡቲ በኩል የሚያልፍ፣ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ጎረቤት ውጪ ቀረች። ሕጋዊ መከራከሪያቸው ግልጽ ነው፤ የዳርቻ አገሮች ስብስብ ብለዋል፣ ዳርቻ የለሽም። እኔ ግን ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። ባሕሩ ላይ ትልቅ ጥቅም ያለውን ጎረቤት ደጅ ያስቀመጠ ስብስብ፣ ያ ጎረቤት ፍላጎቱን በሌላ መንገድ እንዲፈልግ ይገፋዋል። ባልቲኮች ቤላሩስን እንኳ በታዛቢነት ያስቀመጡት ለእሷ አዝነው አይደለም።

ስብስቡ ከባድ ፈተና ሲመጣም አቅሙ አልታየም። ከየመን ጠረፍ ፊት ለፊት ሴፈር የምትባል ያረጀች የዘይት ማከማቻ መርከብ ለዓመታት ያለ ጥገና ቆማ ነበር። ሆዷ ውስጥ 1.14 ሚሊዮን በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ ነበር። ብትሰነጠቅ የየመን፣ የኤርትራና የሳዑዲ ዓሣ አጥማጆች እንጀራ አደጋ ላይ ይወድቅ ነበር፤ የሆዴይዳ ወደብም ይዘጋ ነበር። ማን አዳነ? የተባበሩት መንግሥታት ከመንግሥታት፣ ከኩባንያዎች፣ ከተራ ሰዎች ሳይቀር ገንዘብ ለምኖ፣ በሐምሌና ነሐሴ 2023 ዘይቱን ወደ ሌላ መርከብ አዛወረው። የባሕሩ ባለቤቶች ነን የሚሉት መንግሥታት የጋራ የአደጋ ፈንድና የጋራ ጎታች መርከብ ቢኖራቸው ኖሮ ያን ያህል ዓመት በፍርሃት ባልተቆጠረ።

ታዲያ ከባሕሩ የራቅን እኛ ምን መብት አለን? 1982 የተፈረመው የባሕር ሕግ በ125ኛው አንቀጽ ባሕር በር የሌለው አገር ወደ ባሕር የመውጣትና የመግባት፣ በጎረቤት አገር መሬት በማናቸውም መጓጓዣ የማለፍ መብት አለው ይላል። የሚያልፈው ዕቃ ለተሰጠው አገልግሎት ካልሆነ በቀር ቀረጥ አይጣልበትም። ጥሩ ነው። ነገር ግን ያው አንቀጽ ዝርዝሩ በሁለቱ አገሮች ስምምነት ይወሰናል፣ መተላለፊያው አገርም ጥቅሙን የማስጠበቅ መብት አለው ይላል። ማለትም መብቱ አለ፣ ቁልፉ ግን ጎረቤት ኪስ ውስጥ ነው። ሕጉ ወደብ በባለቤትነት አይሰጥም፤ መንገድ እንጂ። ኢትዮጵያ ደግሞ ሕጉን ፈርማ ለአሥርት ዓመታት ሳታጸድቀው ቆይታለች፤ መብቴን የምትልበትን ሰነድ ማጽደቅ ክርክሯን ያጠነክርላታል ብለው የሚሞግቱ ሰዎች አሉ፣ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

ቁልፉ በጎረቤት ኪስ ሲሆን የሚያስተማምነው ጎረቤቱም የእኛን ቁልፍ መያዙ ነው። ከጅቡቲ ጋር ይህ ሳይታወቅ እየተሠራ ነው። ከ2011 ጀምሮ ጅቡቲ ከኢትዮጵያ በሚሄድ የኤሌክትሪክ መስመር መብራት ታገኛለች። 2017 ላይ ከሶማሌ ክልል ከተቆፈረ ጉድጓድ የሚጠጣ ውሃ በቧንቧ ይደርሳት ጀመር። ከአዲስ አበባ የሚነሳው ባቡር የሁለቱ መንግሥታት የጋራ ንብረት ነው። መብራቷ፣ ውሃዋና የወደብ ገቢዋ ከእኛ ጋር የታሰረ ጎረቤት በሩን ለመዝጋት ሁለቴ ያስባል፤ እኛም እንዲሁ። ስለ ፖለቲካ ውህደት የሚነገረውን በዚህ ዓይን ማየት ይሻላል። የምሥራቅ አፍሪካ መንግሥታት ድርጅት የሆነው ኢጋድ 1986 ላይ ድርቅን ለመከላከል ተመሥርቶ፣ 1996 ላይ ሥልጣኑን አስፍቶ፣ መቀመጫውን ጅቡቲ አድርጎ ይሠራል። ኤርትራ 2007 ላይ አባልነቷን አቋርጣ እስከ 2023 ርቃ ቆየች፤ ድርጅቱ እንዳትወጣ ሊይዛት የሚችልበት አንድም የጋራ ሽቦ ወይም ቧንቧ አልነበረም። አንድ ባንዲራና አንድ ገንዘብ ከዚህ ሁሉ ሥራ በኋላ ይመጣ እንደሆነ ይምጣ። ለኮምቦልቻ የሚቀርበው ጥያቄ ከአዋሽ ተነስቶ በዚህች ከተማ የሚያልፈው፣ ለዓመታት ባቡር ሳያይ የቆየው ሐዲድ ሥራ ጀምሮ ከጅቡቲው መስመር ጋር መቼ ይገናኛል የሚለው ነው።

የአሰቡ መንገድ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ከተፈረመው ሰላም በኋላ ይከፈታል ብለን ብዙ ተስፋ አድርገን ነበር። የድንበር በሮች ለጥቂት ጊዜ ተከፈቱ፤ ግን የወደብ ታሪፍ፣ የጉምሩክ አሠራር፣ የመኪና ኢንሹራንስ ውል ለሕዝብ ሳይታይ መልሰው ተዘጉ። በመሪዎች መካከል ያለ መተቃቀፍ በመሪዎች መካከል ይቀዘቅዛል። ታኅሣሥ 2024 ኢትዮጵያና ሶማሊያ አንካራ ላይ ያወጡት መግለጫ ቢያንስ አነጋገሩ ይለያል፦ በሶማሊያ ሉዓላዊ ሥልጣን ሥር፣ በውል፣ በሊዝና በመሳሰለው መንገድ አስተማማኝ የባሕር መተላለፊያ ይላል። መግለጫ ስለሆነ ገና የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያለ ነው።

ከዚህ በኋላ ከየትኛውም ጎረቤት ጋር የወደብ ስምምነት ተፈረመ ሲባል ፎቶውን እለፉትና አንቀጾቹን ፈልጉ። ውሉ ለስንት ዓመት ነው? አንዱ ወገን ላቋርጥ ቢል ስንት ወር ቀድሞ ያሳውቃል? የወደብ ዋጋ የሚጨምረው በማን ውሳኔ ነው? ሲካሰሱ ማን ይዳኛቸዋል፣ ሁለቱ ሲጣሉ መንገድ ላይ ያለው ዕቃ ምን ይሆናል? 1990 ዓ.ም. ላይ አሰብ ወደብ ተይዞ የቀረ የኢትዮጵያ ነጋዴዎች ዕቃ ነበር፤ የመጨረሻው ጥያቄ በግምት የመጣ አይደለም። የኮምቦልቻና የደሴ ነጋዴ፣ ትራንዚተሩም፣ ባለመኪናውም፣ እነዚህን ጥያቄዎች በንግድ ምክር ቤቱ በኩል ማንሳት ያለበት ከመፈረሙ በፊት ነው። ዕቃ ሲታገት ዲመሬጁን፣ ማለትም የመዘግየት ክፍያውን፣ የሚከፍለው እሱ ነውና።